ባዶ ቆርቆሮ የሸተተኝ ክረምት

ሂንዲ የማውቀው ከዓረብ አገር፣ ከመስከት ነው። እዚያ አንድ የህንድ ቤተሰብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ካርቱም ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ናይሮቢ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የአንቺን እትብት መንገድ ላይ ሳይቀብሩት አልቀሩም» ትለኝ ነበር። አንድ ቦታ ስቀመጥ እግሬን ያሳክከኛል።

ጆሃንስበርግ የመጣሁት ግን ለመዞር አልነበረም። ልጄ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበርና ላርሳት ነው የመጣሁት። ገንፎዋን ላገነፋላት፣ ሕፃኑን ላጥብላት፣ እሷ ተኝታ ወገቧ እስኪጠና ቤቱን ልይዝላት። እኔን እናቴ አርሳኛለች፤ እናቴን አያቴ። በእኛ ቤት ድህነት ገብቶ ያውቃል፣ ስደት ገብቶ ያውቃል፣ ይህ ነገር ግን ተቋርጦ አያውቅም። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ የገብስ ዱቄትና የነጠረ ቅቤ ይበዛ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ሰውዬ የቅቤውን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረና በእጁ ብቻ «እለፊ» አለኝ።

በመጣሁ በጥቂት ቀን ውስጥ በወረርሽኙ የተነሣ አገሩ ተዘጋ። ወታደር መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰው ፊቱን ሸፈነ፣ እኔም እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

የምንኖረው ሜይፌር ነው፤ ህንዱም ሶማሌውም እኛም የተደባለቅንበት ሠፈር። ትልቁ ቤት የአከራዮቹ ነው። ከኋላ በግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል አለ፤ በአንዱ ልጄና ባሏ፣ መኪና ማቆሚያ በነበረው በሌላው እኔ። መሐል ላይ የሎሚ ዛፍ አለ። አማቼ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ዳቦ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ። ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ስለተፈቀደለት ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። መጠጥ የተከለከለ ሰሞን ደንበኛው ሁሉ አናናስ ይጠይቀው ጀመር።

«እማማ፣ ይህ ሕዝብ ድንገት ፍራፍሬ ወደደ» አለኝ የዋሁ ልጅ። እየጠመቁት እንደሆነ የገባው አናናሱን ሁሉ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም ጡረተኛ። እሷ የሴቶች ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ነበረች፤ እሱ ጨርቅ ነጋዴ። ሠፈሩ ሁሉ አንቲና አንክል ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ። እነሱ እኔን ጎጎ ይሉኛል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ስለሆነ አንቱታውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

በመጣሁ ማግስት፣ አገር ሳይዘጋ፣ ደስ ብሎኝ በሂንዲ ሰላም አልኳቸው። እንዴት አደራችሁ፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና። ባልና ሚስቱ ተያዩ። አንቲ ወደ ልጄ ዞረችና በእንግሊዝኛ «እናትሽ ምን አለች?» ብላ ጠየቀቻት።

ለካ አያቶቻቸው ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ ደርባን የወረዱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የቀረላቸው እንግሊዝኛና ጸሎት ብቻ ነው።

«ሸንኮራውን ስንቆርጥ ምላሳችንንም አብረን ቆርጠነዋል፣ ጎጎ» አለኝ አንክል። አፍሮ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «አስተምሪኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ችግሩ የኔ ሂንዲ የገረድ ሂንዲ ነው፤ ሰምቼ የማውቀው ትእዛዝ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ባልዲ አስነሣሁት፣ በር አስዘጋሁት፣ ደጋግሜ እጁን አስታጠብኩት። አንቲ በረንዳ ላይ ቆማ ሻይዋን እየጠጣች፣ «ዕድሜ ልኬን ያቃተኝን ጎጎ በአንድ ጠዋት ጨረሰችው» አለች።

አገር ከተዘጋ በኋላ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ክርክር ለእኔ ቴያትር ሆነልኝ። እነሱ በረንዳቸው ላይ፣ እኔ ከሎሚው ወዲህ በርጩማዬ ላይ። ያመለጠኝን ልጄ በመስኮቷ ትተረጉምልኛለች።

የአንክል እምነት፣ ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ የሚኮሩበት ሁሉ ድሮ በህንድ ሊቃውንት ይታወቅ ነበር የሚል ነው። መድኃኒቱም፣ ስልኩም፣ አውሮፕላኑም።

«አውሮፕላን ከነበራቸው» አለች አንቲ፣ «አያትህ ለምን በመርከብ እያስታወከ መጣ?»

«የቲኬት ዋጋ ተወዶ ይሆናል» አለ።

እሷ ግን ሊቃውንቱን የምትንቅ እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ መብራቷን ለኩሳ ትጸልያለች። የምትለው ሌላ ነው። «የእነሱ ትልቅነት አውሮፕላን አይደለም። 'አወቅሁ' ላለ ሰው 'በምን አወቅህ?' ብለው መጠየቃቸው ነው። እኔ ለልጃገረዶቹ ሳስተምር የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ብርጭቆና እሳት ጨምሬበት።»

በዚህ ላይ አንክልም ይስማማል፤ እንዲያውም ማስረዳቱ የሱ ነው። እውቀት ወደ ሰው የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው አለኝ። አንደኛው ዓይንና ጆሮ፣ አፍንጫና ምላስ፣ ቆዳም ጭምር ነው። ሁለተኛው ከምልክት ተነሥቶ መድረስ፣ ሦስተኛው በሚታወቀው ማመሳሰል፣ አራተኛው የታማኝ ሰው ቃል።

«ለሁለተኛው ምሳሌ ልስጥሽ» አለና በአጥሩ ላይ ወደ ደቡብ አሳየኝ። ከማዕድን የወጣው አፈር ተከምሮ ቢጫ ተራራ የሆነበት አለ። «ያ ተራራ ላይ ጢስ አለ። ስለዚህ እሳት አለ። ጢስ ባለበት እሳት አለና፤ ለምሳሌ እንደ ወጥ ቤት። አባቶቻችን የሚያስተምሩት እንዲህ ነው።»

አንቲ መነጽሯን አጠለቀች። «አቧራ ነው» አለች። «ነፋስ ነው ያስነሣው። አባቶቻችን አቧራን ጢስ ብሎ ስለሚሳሳት ሰውም አስተምረዋል፤ ያንን ቀን ጨርቅ ስትሸጥ ቀርተህ ነው።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። መልስ ከመስጠትህ በፊት የባላጋራህን ነገር ከራሱ ይበልጥ አሳምረህ ትናገርለታለህ። እሱ «አዎ፣ ይኸው ነው ያልኩት» ካላለ መልስ መስጠት አይፈቀድልህም። እኔ በልጅነቴ በላ ልበልሃ አይቻለሁ፤ ሰው ዱላውን እየወዘወዘ ነጠላውን እያወናጨፈ ሲሟገት። የእኛ ሰው የባላጋራውን ቃል የሚደግመው ሊያሾፍበት ነው። እነዚህ ግን የምር ይደግሙታል። አንዳንዴ አንቲ የባሏን ነገር እንዲያ አሳምራ ስትናገርለት፣ እሱ «ይህንስ እኔም አላሰብኩትም» ብሎ ተደስቶ መልሱን ሳይሰማ ይገባል።

ቀኑ እየቀዘቀዘ ሄደ። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው። የልጄም ቀን እየደረሰ ነው። በሽታው ማሽተት ይነሣል የሚል ወሬ በሬዲዮ የተሰማ ዕለት አንቲ ከቤት ትንሽ ቢጫ ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሎሚው ሥር እየመጣ እንዲያሸት አዘዘች። አማቼ በየቀኑ ሰው መሐል ስለሚውል፣ እኔም ለእግር ጉዞ በተፈቀደችው የጠዋት ሰዓት ጎረቤት ሠፈር ፎርድስበርግ ድረስ በእግሬ ደርሼ ስለምመለስ ነው። ያልሸተተው ሰው ወደ ልጄ ክፍል አይገባም።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሂንግ ይባላል። ሙጫ ነው፤ ደርቆ የተፈጨ። ወጥ ውስጥ ሲገባ ደግ ነው፤ ጥሬውን ግን እርጥብ ካልሲና ሽንኩርት ተጋብተው የወለዱት ይመስላል። መስከት እያለሁ ጣቴ ላይ ሲቀር ሦስቴ ታጥቤ አይለቀኝም ነበር።

«አንቲ» አለ አማቼ በመጀመሪያው ጠዋት ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ይህንን ያሸተተ ሰው ካልታመመ በምን ሊታመም ነው?»

እኔ ግን በየጠዋቱ ቆርቆሮው አፍንጫዬ ሥር ሲመጣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «በጣም ይሸታል፤ ተባረኪ» እላለሁ። ይሸተኝም ነበር። ቢያንስ በመጀመሪያው ሰሞን።

አንድ ጠዋት እንደወትሮው ቀረብኩ። አንቲ ክዳኑን ከፈተች። ሳብ አደረግሁት።

«ዛሬስ ብሶበታል» አልኩ።

አንቲ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ቆርቆሮውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው። ምንም አልወጣም።

«ትናንት በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ ያዋልኩት ነው» አለች። «ባዶ ነው፣ ጎጎ።»

አማቼ ሳቁን ለመያዝ ወደ ሎሚው ዞሮ ቅጠል የሚቆጥር መሰለ። እስከ ዛሬም እዚያ ላይ የመለሰላት አፍንጫዬ ይሁን ይሉኝታዬ አላውቅም። የሰው ሴት ከቤቷ ድረስ አምጥታ አስሸተተችኝ፤ እንዴት ብዬ «አይሸትም» ልበላት? በኛ አገር ወጡ ጨው ቢበዛበት «እጅሽን ይባርከው» ብለሽ ውኃ ትጠጫለሽ እንጂ።

አንክል ግን ደስ አለው። «ይህ ገመዱና እባቡ ነው!» አለ። «ሰው በድንግዝግዝ ገመድ አይቶ እባብ ነው ብሎ ይሮጣል። ሩጫው እውነት ነው፤ ላቡም እውነት ነው፤ የሌለው እባቡ ብቻ ነው። ይህንን አባቶቻችን ብዙ አስበውበታል።»

«አስበውበታል» አለች አንቲ፣ «ባዶ ቆርቆሮ ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ልጄ በመስኮቷ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ።

«እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትሽ?»

«ይሸተኛል እኮ።»

«ባዶ ቆርቆሮ ነው የሸተተሽ፣ እማዬ።» ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ያ ነው የከበደኝ። «እስኪጣራ ድረስ አትግቢ። እኔ ስወልድም ቢሆን።»

እነሆ በዓለም ዞሬ ዞሬ፣ ገብስና ቅቤ ተሸክሜ የመጣሁበት ነገር በአንዲት የሂንግ ቆርቆሮ ላይ ተንጠለጠለ። ከኔ በር እስከ ልጄ በር ብድግ ብል የምደርስበት ነው፤ ያን ዕለት ከመስከት ይልቅ ራቀኝ።

አንቲ ጥፋቱ የሷ ይመስል ተጨነቀች። «በትክክል እንፈትንሻለን» አለችኝ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ቆርቆሮዎች አመጣች፤ አንዱ ሂንግ፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ ባዶ። ውስጣቸው እንዳይታይ አፋቸውን በስስ ጨርቅ ሸፈነችው።

በመጀመሪያው ፈተና ራሷ አንድ በአንድ አቀረበችልኝ። ሁለተኛው ላይ «ይኸው» አልኩ። ልክ ነበርኩ። አንክል አጨበጨበ። አንቲ ግን አፍጥጣ አየችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ያንን ስታነሺ ዓይንሽ ተጨነቀ» አልኳት።

እውነቴን ነው። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ዓይን ብቻ በቀረበት ዘመን፣ እኔ ዕድሜዬን በሰው ቤት የእመቤቲቱን ዓይን ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ ቆርቆሮ ምን ያደርግልኛል? አንቲ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ፈታኙ ራሱ መልሱን ማወቅ የለበትም አለች፤ ለልጃገረዶቹ ስንቴ እንደነገረቻቸው፣ ራሷ እንዴት እንደረሳችው ገረማት።

ስለዚህ ሁለተኛውን አንክል እንዲይዘው ሆነ። እሷ ጓዳ ውስጥ አቀያይራ ሰጠችው፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልነገረችውም። አንክል መጀመሪያውን አቀረበ፤ ዝም። ሁለተኛውን አቀረበ፤ ዝም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጉንፋን ያዘው። ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቅንድቡን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

«አሽትተኸዋል!» አለች አንቲ ከበሩ።

«በድንገት ገባብኝ» አለ።

«ደግ ልብ ለፈተና መርዝ ነው።»

«የልጅ ልጇን እንድታይ ብዬ ነው።»

«እኔስ ለምን ይመስልሃል?» አለች። ያኔ ወደድኳቸው።

በሦስተኛው ማንም አልነበረም። አንቲ ቆርቆሮዎቹን የአጥሩ ግንብ ላይ ደርድራ ባሏን በክንዱ ጎትታ ገባች። ሂንግ የሆነው ላይ የሎሚ ቅጠል እንዳኖር ነገረችኝ። ብቻዬን ቀረሁ። አንደኛውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ሳብኩ፤ ብርድ ብቻ ነው የገባው። ሁለተኛውን፤ ብርድ። ሦስተኛውን፤ ያው ብርድ። ቅጠል ልቀነጥስ ወደ ሎሚው ዞርኩ፤ ዛፉ ፍሬ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ቅጠሉን ጨምድጄ አሸተትኩት። እሱም የለም። ለካ የሎሚውም ሽታ ከጠፋኝ ቆይቷል፤ እኔ ብርዱ ያጠፋው መስሎኝ ሥሩ ቁጭ ብዬ ስከርም።

ግን ልጄ በዚያ በኩል አለች። ቅጠሌን መሐለኛው ላይ አኖርኩት፤ ሰው ነገር ሲደብቅ መሐል ይወዳል ብዬ።

ልክ ሆነ።

አንክል ጣፋጭ በሳሕን ይዞ ወጣ። አንቲ ደግሞ «ጥሩ፤ ግን አንዴ በቂ አይደለም፤ እንደግመዋለን» አለች፤ የሰማት የለም። ልጄ በሯን ገርበብ አደረገች። ፊቷ ሲበራ ታየኝ።

«አለፍሽ አሉ፣ እማዬ።»

ወደ በሩ ሄድኩ። ልናገር የተዘጋጀሁት ሌላ ነበር። እናት ከልጇ በር ውጭ አትቆምም ልላት፤ እናቴን፣ አያቴን ልጠራላት። የእነ አንክል ሕግ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መጀመሪያ የባላጋራሽን ነገር አሳምረሽ ተናገሪላት።

«ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ ያንቺን ልናገርልሽ። አንቺ የምትይው እንዲህ ነው። እናቴን እወዳታለሁ። ግን እናቴ የሰው ፊት እንዳይጠቁር ብላ ጨው የበዛበትን ጣፈጠኝ የምትል ሰው ናት። ባዶ ቆርቆሮ ብሷል ብላለች። ሕፃን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ትንፋሽ ከሰጡት ይቀበላል። በሩን የምዘጋው ጠልቻት አይደለም። ትክክል ተናገርኩ?»

«አዎ» አለች ልጄ። «ይኸው ነው ያልኩት።»

መልሴን ፈለግሁት። የለኝም። የሷን ነገር እንዲያ አሳምሬ ተናግሬላት፣ ራሴን ረትቼው ቁጭ። በላ ልበልሃ ላይ ቢሆን ዳኛው ይስቅብኝ ነበር።

«አልሸተተኝም» አልኳት። «መሐል ላይ ገምቼ ነው። የሎሚውም ሽታ የለም።»

ልጄ በሩን አልዘጋችውም፤ እኔ ነኝ ስቤ የዘጋሁት። ከዚያ ሁለታችንም ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሆነን ሳቅ ያዘን። መጨረሻው ሳቅ ብቻ አልነበረም።

አንቲ ነገሩን ስትሰማ አልወቀሰችኝም። «'አልሸተተኝም' ማለትሽ ከሦስቱ ፈተና ይበልጣል» ብላ መኪናዋን አስነሥታ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጣ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት አፍንጫዬ ውስጥ እስከ ትዝታዬ ድረስ ሰደዱት። ውጤቱ ሲመጣ አለብሽ የሚል ሆነ። እንግዲህ ትንሽ ሳል ነበረኝ፤ ጉልበቴም ደከም ብሎኝ ነበር፤ እኔ በእርጅና አሳብቤ።

ልጄ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገብታ ሴት ልጅ ወለደች። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። ወደ ቤት ስትመጣ እኔ በክፍሌ መስኮት፣ እሷ በመኪናው መስኮት፤ ጥቅልሏን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ያየሁት ብርድ ልብስ ነው፤ ግን መረቅሁት።

ገንፎውን አማቼ ማገንፋት ነበረበት። እኔ በመስኮቴ አዛለሁ፤ እሱ በሩን ከፍቶ ያማስላል።

«ዱቄቱን ቀስ እያልክ ነው፣ ልጄ። በአንዴ አትድፋው።»

«ቀስ እያልኩ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ለምን ጓጎለ?»

«እንዴት አዩት ከዚያ ሆነው?»

«ክንድህ ላይ አየሁት።»

አንክል በረንዳው ላይ ሆኖ፣ ይህ ሁለተኛው በር ነው ይላል፤ ከክንዱ ወደ መጓጎሉ።

ሐኪሞቹ ያሉት ቀን አለፈ። ሳሉ ተወኝ። አንቲ «አፍንጫ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ አሁን መግባት ትችያለሽ» አለችኝ። ልጄ ግን ፈራች፤ «አፍንጫዋ ይመለስ» አለች። አልገፋሁም። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ይመጣል፤ አንዳንዱ ቀን ሙሉ ነው፣ አንዳንዱ ቀን ባዶ፤ እኔም በየቀኑ «ምንም» እላለሁ። እንዲህ ብሎ ሰውን መመለስ መጀመሪያ አካባቢ ስድብ ስድብ ይለኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን አንክል ፎርድስበርግ የገዛውን አዲስ ሸሚዝ «እንዴት ነው?» ቢለኝ፣ «ሆድህን ያወጣዋል» አልኩት።

አንድ እሑድ ሎሚው ሥር ለልጄ ቤት ጀርባዬን ሰጥቼ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። አንክል አትክልቱን ውኃ ያጠጣል፤ በሂንዲ «ቶሎ በል» እያልኩት። ከሩቅ አንድ ነገር መጣብኝ። መጀመሪያ ትዝታ መሰለኝ፤ የእናቴ ቤት፣ የኔ አራስነት። ከዚያ ትዝታ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ትዝታ ጉሮሮ አይከረክርም።

«ገንፎው አረረ» አልኩ።

አንክል ቧንቧውን ዝቅ አደረገ። «ምን?»

«ገንፎው እያረረ ነው።»

ከውስጥ የአማቼ ድምፅ መጣ፤ «አላረረም!» ገንፎ ያሳረረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ የድስት ፍቅፋቆ ተሰማ። ከዚያ የልጄ ድምፅ፤ «አርሯል፣ እማዬ።»

አንቲ በነጠላ ጫማዋ እየተንደረደረች ወጣች። መነጽሯን እንኳ አልያዘችም።

«ጢስ አይተሻል?»

«ጀርባዬን ሰጥቻለሁ።»

«ማማሰያው ሲቆም ሰምተሻል?»

«ውኃው ይንሿሿ ነበር።»

«ሰው ነግሮሻል?»

«እሱማ አላረረም እያለ ነው።»

አንቲ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ይህንን ፈተና ያዘጋጀው ማንም የለም» አለች። «ስለዚህ ከእኔ ፈተናዎች ሁሉ ይበልጣል።»

አንክል ቧንቧውን ጥሎ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። «ጢስ አለ! ስለዚህ እሳት አለ! ለምሳሌ እንደ ወጥ ቤት!» ዕድሜውን ሙሉ ያንን ምሳሌ ሲናገር ኖሮ፣ እውነተኛ ወጥ ቤት ያገኘው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

«ጢስ አላየችም፤ አሸተተች እንጂ» አለች አንቲ። «አንደኛው በር ነው።»

«ሽታውን ነው ያገኘችው። ገንፎ ነው ማለቷ ግን ሁለተኛው በር ነው።»

«እሺ፤ መጀመሪያ ያልኩትን ድገመው።»

እነሱ ሲደጋገሙ የልጄ በር ተከፈተ። እኔ ለገባሁበት በር ቁጥር የሰጠው የለም።

አማቼ የጠቆረውን ድስት ከኋላው ደብቆ ቆሟል። ልጄ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አኖረችልኝ። ትንሽ ናት፤ ትኩስ ናት። ይህን ሁሉ ቀን በመስኮት ብርድ ልብስ ስባርክ የከረምኩ ሴትዮ አጎንብሼ ሳምኳት፤ ሳብም አደረግኋት።

እርጥብ ካልሲና ሽንኩርት።

«ይህች ልጅ ሂንግ ሂንግ ትሸታለች» አልኩ።

«ሆዷን ሲነፋት ነው» አለች ልጄ። «አንቲ በውኃ በጥብጣ ሰጥታኝ እምብርቷ ዙሪያ እቀባታለሁ።»

ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ወደ በሩ ወጣሁ። አንቲ ገና ሁለተኛውን በር እየተከራከረች ነው።

«አንቲ» አልኳት፣ «ሂንግ የሕፃን ሆድ እንደሚያሽር በምን አረጋገጥሽ?»

አፏን ከፈተች። ወደ ባሏ አየች፤ ወደ እኔ አየች።

«እናቴ ታደርገው ነበር» አለች።

አንክል አራት ጣቱን ብቻ አወጣና አሳያት፤ አራተኛው በር።

እኔም የልጅ ልጄን ለማረጋገጥ ያህል ደግሜ አሸተትኳት።